አውሮፕላን የተሳፈረው ደሜ

ይህ የደረሰብኝ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እዚሁ ቦሌ ነው። ዛሬም ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ፀሐይ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ያስቀኛል፤ ትንሽም ያናድደኛል።

ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ይባላል። ከወሎ መጥቶ ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተ እኩያዬ ነው። የለስላሳ ሳጥን ደጃፉ ላይ ደፍቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይቀመጣል። ደንበኛ ሲመጣ ታዲያ እንደ ጎረምሳ ብድግ! እኔ ከወንበር ለመነሳት ግድግዳውንም፣ ጠረጴዛውንም፣ ሚስቴንም መደገፍ ነበረብኝ። ጭኔን እስከ አጥንቴ ይጠዘጥዘኛል።

"ሐጂን አታያቸውም? ምን የመሰሉ ሰው!" ትላለች ባለቤቴ ጥሩወርቅ። ይህን የምትለው እኔን ጎትታ ስታነሳ ነው።

ይሄኔ በረንዳዬን ዙሪያውን በመስታወት አዘጋሁት። እሱ ሳጥኑ ላይ አቧራ ሲቅም፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ በመስታወት ቤት ፀሐይ ልሞቅ። ይቅና! እሱ ግን እጁን እያውለበለበ ሰላም ከማለት በቀር ምንም አልመሰለው።

አንድ ቀን ሐጂ ወገቤን ቆረጠመኝ ብሎ ክሊኒክ ሄደ። ሲመለስ፣ "ቫይታሚን ዲ የሚባል ነገር አለ አሉ። እዚህ አገር ስለማይመረመር ደሜን ውጭ ላኩት" አለኝ።

ምሳ አልበላ አለኝ። የሐጂ ደም አውሮፕላን ተሳፈረ! እኔ አውሮፕላን በጣራዬ ላይ ሲያልፍ የመስኮቴን መንቀጥቀጥ ከመስማት በቀር ደረጃውን እንኳ ረግጬ አላውቅም። በማግስቱ ክሊኒኩ ሄጄ፣ "የኔም ደም ይሂድ!" አልኩ። ሐኪሟ ከወንበር ስነሳ አየችኝና፣ "ለእርስዎማ የግድ ነው" ብላ አስቀዳችልኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ሱቁ ውስጥ ገለጥነው።

"ስንት ይላል?" አልኩት።

"ሠላሳ አንድ። ያንተስ?"

"ዘጠኝ!"

እኛ ሽማግሌዎች የምናውቀው ቁጥር የስኳርና የደም ግፊት ነው። ወረደ ከተባለ እልል ነው። "አይ ሐጂ! ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው? በል ከዛሬ ጀምሮ ተምር የለም፤ ሻይህም ያለ ስኳር!" አልኩት።

ሐጂ ፊቱ ጠቆረ። "ወላሂ፣ ደህና ነኝ ብዬ ነበር" ብሎ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

እኔ ጭኔም የተሻለው መሰለኝ። ገና ከበሩ፣ "ጥሩዬ፣ ሐጂሽን አሸነፍኩት!" ብዬ ጮህኩ።

በማግስቱ አብረን ሐኪሟ ዘንድ ቀረብን። የሐጂን አይታ፣ "የእርስዎ ደህና ነው። ወገብዎን የጎዳዎት ሳጥን ማንሳት ነው" አለችው። ወደኔ ዞረች። "አባባ፣ የእርስዎ በጣም ወርዷል።"

"ተመስገን!"

"ኧረ አባባ! ይሄ እኮ እንደ ስኳር አይደለም። ቁጥሩ የሚነግረን ሰውነትዎ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ነው። ሲያንስ አጥንት ይላላል፤ ጭንዎን የሚያምዎት ለዚህ ነው።"

ሐጂ አፉን በሻሹ ሸፈነ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

"ፀሐይ ይሞቃሉ?" ስትል ጠየቀችኝ።

"በየቀኑ! በመስታወት በረንዳ፣ ጋቢ ለብሼ።"

"በመስታወት የሚገባው ሙቀቱ ነው እንጂ ጥቅሙ ውጭ ይቀራል። ረፋድ ላይ ደጅ ወጥተው፣ ክንድና እግርዎን ገልጠው ይቀመጡ" አለችና መድኃኒትም ጻፈችልኝ።

ጥሩወርቅ ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "አምስት ሕፃን በየተራ ደጅ አውጥቼ ፀሐይ አሙቄ ያሳደግኩ ሴትዮ፣ አንተን መስታወት ውስጥ አስቀምጬ ልገድልህ ነበር! ና፣ ስድስተኛው!" ብላ ክንዴን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ። ሐጂ ሁለተኛ ሳጥን ደፍቶ ይጠብቀኛል።

"አረፍ በል፣ ባለ ዘጠኙ!" አለኝ። ስሜ በሰፈሩ በዚያው ቀረ።

ጭኔ ቀስ በቀስ ተሻለው። ሚስቴን መደገፍ ትቻለሁ፤ ግድግዳውን አልፎ አልፎ። ቅናቴ ግን መድኃኒት አልተገኘለትም። ፀሐይዋ መጀመሪያ የምታርፈው ሐጂ ላይ ነው፤ እኔ ላይ የገዛ ቤቴ ጣራ ከማዶ ያጠላብኛል። በቀደም አላስችል ብሎኝ፣ "ቦታ እንለዋወጥ!" አልኩት።

ብድግ ብሎ ለቀቀልኝ።

አነሳሱን አይቼ ደግሞ ቀናሁ።