ከጽጌረዳው ሥር

የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ የምትፈርምበት ወረቀት ብቻ ነው፤ ለሰው ሁሉ ጥፍሬ ናት። ስሙን ያወጣላት የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ነው። ወፍራም፣ አራት ማዕዘን ተደርጎ የተቆረጠ፣ ቀለም የሚባል ነገር ነክቶት የማያውቅ ጥፍር። ሌላው ሰው ጥፍሩን ለማሳመር ሲቀመጥ እሷ እንደ ቢላ ለመሳል ትቀመጣለች፤ መተዳደሪያዋ ነዋ።

የምትሠራው አሮጌ ብርጭቆ ከሚሸጥበት ሱቅ ጓሮ ነው። ባለሱቁ ከሠርግ አዳራሽ፣ ከሆቴል፣ ከተዘጋ ምግብ ቤት የተራረፈውን ብርጭቆ በሳጥን በሳጥን ይገዛል፤ ብርጭቆው ላይ ደግሞ የማይለጠፍ ነገር የለም። ልብ አለ፣ የሙሽሮች ስም አለ፣ የመጠጥ ፋብሪካ ምልክት አለ፣ ዳክዬ አለ። የማያውቃቸውን ሙሽሮች ስም እያየ ውሃ መጠጣት የሚፈልግ ሰው ስለማይገኝ ጥፍሬ ትልጠዋለች፤ ብርጭቆውም እንደተወለደ ራቁቱን ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሁለት የተቃቀፉ ልቦችን ከሆዱ ላይ ባነሳች ቁጥር፣ “ስንቱን አፋታሁት!” ብላ ትስቃለች።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ቀላል የመሰለው እስቲ ይሞክረው! ያልለመደ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ምላጭ ነው፤ ምላጩ ብርጭቆውን ይቧጭራል፣ ቀጥሎ ጣቱን። ጥፍሬ ግን አስቀድማ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ትዳስሳለች። በእሳት የተጋገረ ሥዕል ከብርጭቆው ጋር አንድ አካል ስለሆነ ጥፍር አይይዘውም፤ “ይሄማ ከነልብሱ ይቀበራል” ብላ ወደ ጎን ታደርገዋለች። በማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ ጠርዙ ላይ ፀጉር የማታህል ደረጃ አለችው። ያቺን ደረጃ ካገኘች አለቀለት። ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፣ አቼቶ የጠጣ ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ የቀረውን ሙጫ በምግብ ዘይት ታባብለዋለች፣ ከዚያ በአሮጌ የስልክ ካርድ ጠርዝ ገፋ ታደርገዋለች። ባለሱቁ በየመሃሉ በበሩ ብቅ እያለ “ቶሎ በይ! ቶሎ!” ይላል። ቶሎቶሎ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። “ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ” ትለዋለች ቀና እንኳን ሳትል። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ተባብለዋል፤ አንዳቸውም አልተለወጡም።

ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ እጇ ለቶሎቶሎ ሲሠራ ዓይኗ የራሷን ነገር ሲፈልግ ኖሯል። አባቷ በወጣትነታቸው የብርጭቆ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ጆጉንና ብርጭቆውን በሚሽከረከር የድንጋይ መዘውር ላይ እያስጠጉ ቅጠልና ወፍ ይቀርጹ ነበር፤ እንደ እሳቸው አባባል ማለት ነው። የጡረታ ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ግን “ለጣፊ” የሚል ነው። የታተመ ሥዕል ፋሽን ሲሆን የፋብሪካው አለቃ መዘውሮቹን አስቁሞ ቀራጮቹን በሙሉ መለጠፊያ ክፍል ከተታቸው፤ ወረቀት ደግሞ የሰውን የመጨረሻ ሥራ እንጂ የመጀመሪያውን አያውቅም። ፋብሪካው ከፈረሰ ቆይቷል። ከቅርጹ ዘመን የተረፈች አንዲት ብርጭቆ ቤታቸው ውስጥ የለችም፤ ሠራተኛ ሲወጣ እስከ ካልሲው ይፈተሽ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ በዚህ ነገር ይቀልዳል። “አባባ ዕድሜ ልካቸውን ለጥፈው ለጥፈው፣ ዛሬ ደግሞ ታሪክ ይለጥፉልናል” ይላል። ሽማግሌው ድሮ ይቆጡ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን መቆጣቱንም ተዉት፤ ባለፈው ሳምንትማ ጭራሽ፣ “እሱ እውነቱን ይሆናል። የቱን እኔ እንደሠራሁት እኔም እንጃ” አሉ። ይህች ቃል ጥፍሬን እንቅልፍ ነሳቻት። ሰው የገዛ ሥራውን ከተጠራጠረ ምን ቀረው? ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንዲት ቅርጽ፣ አንዲት ብቻ፣ ሳይረፍድ እጃቸው ላይ ማስቀመጥ አለባት።

ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ የተዘጋ ሆቴል ምድር ቤት የወጣ ሳጥን መጣ። አሥራ ሁለት ጆግ፣ አቧራ እንደ ካፖርት የለበሰ፤ በእያንዳንዱ ሆድ ላይ መዳፍ የምታህል ቀይ ጽጌረዳ። ቶሎቶሎ እጁን አፋተገ።

“እነዚህን እንዳትነኪ! ጽጌረዳ ይሸጣል። አቧራቸውን ብቻ እጠቢልኝ፣ ቶሎ።”

ጥፍሬ የመጀመሪያውን አንስታ ማጠብ ጀመረች። ስታጥብ ጥፍሯ እንደ ልማዱ ጽጌረዳዋ ላይ ሄደ። ሄደና ወረደ።

እጇ ቆመ። መልሳ አስኬደችው። አሁንም ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። ሥዕሉ ለስላሳ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብርጭቆ ግን ቦይ አለው! ጆጉን ይዛ ወደ መስኮቱ ሮጠች፤ በአፉ በኩል አጮልቃ የጽጌረዳዋን ነጭ ጀርባ አየች። ጥላ አለ። ቀጭን፣ የተጠማዘዘ ጥላ። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያወሩት የኖሩትን በቃሏ ታውቀዋለች፦ “ያልተሸጡትን ቅርጾች አለቃው ‘አትጣሏቸው፣ አበባ ለጥፉባቸው’ አለ። ሥዕል መጋገሪያው ምድጃ ገና አልመጣም ነበር፤ እኛው በእጃችን ለጠፍንባቸው።” ጆጉን ገለበጠችው። ቂጡ ላይ የፋብሪካው ማኅተም፣ አባቷ ስንት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው የሳሉላት ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ ቁጭ ብሏል።

“ጋሼ!” ብላ ጮኸች። “ጋሼ ና!”

ቶሎቶሎ ጣቷ የተቆረጠ መስሎት እየሮጠ መጣ።

“አንዱን ልላጠው። በሞቴ፣ አንዱን ብቻ!”

“አልኩሽ እኮ፣ የሚሸጠው ጽጌረዳው ነው።”

“ከሥሩ አባቴ አሉበት!”

“ምን?”

ቃሉ በአፏ እየተጋፋ አስረዳችው። ቶሎቶሎም ጣቱን ሰዶ ዳሰሰ፤ ምንም አልተሰማውም። ፊቷን ሲያይ ግን አንጀቱ አልቻለም። “እሺ፣ አንድ። ከሰነጠቅሽው ሌላ የለም፣ ከአሁኑ ልንገርሽ” አለና ወጣ።

እስከዚያ ድረስ ጥሩ። ነገር ግን ጽጌረዳዋ የዋዛ አልነበረችም። ከላይ ቫርኒሽ ተቀብታለች፤ ውሃው ከእሷ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ተዘፍዝፋ ንቅንቅ አላለችም። ፍል ውሃ ቢፈስባት ትለቅ ይሆናል፤ አሮጌ ብርጭቆ ግን ድንገተኛ ሙቀት አይወድም፣ ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። የጥፍሬ እጅ ማንቆርቆሪያውን ሁለት ጊዜ አነሳ፣ ሁለት ጊዜ መለሰ። “የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ” አለች ለራሷ፤ ይሄ ደግሞ ከተሰበረ የሚለቀምም አይደለም። ጥጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን አስነክታ ቫርኒሹን ጠብ ጠብ ታደርግበት ጀመር። ሲለሰልስ ጠረገችው። ደገመችው። ክንዷ እስኪዝል ደጋገመችው። ከዚያ የአቼቶውን ጨርቅ አልብሳ፣ ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እንደታመመ ልጅ ጠበቀችው። ምሳዋን ረሳች። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የአንዲቱ ቅጠል ጫፍ ብድግ አለች!

“ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ፣ ነይ” እያለች በካርዱ ገፋ፣ በጥፍሯ ሳብ አደረገቻት። ጽጌረዳዋ ተሸብሽባ፣ በሙሉ አካሏ፣ እሳፋው ውስጥ ዘፍ አለች።

ከሥሯ ወፍ ነበረች። ክንፏን ከፍታ ከቅርንጫፍ ልትነሳ ያለች፣ ነጭ፣ ጭራዋ ረዝሞ ዞሮ ቅርንጫፉን የጠመጠመ ወፍ። ጥፍሬ ጮቤ ረገጠች። ቶሎቶሎን በእርጥብ እጇ አቅፋ ሸሚዙን አበላሸችው። እሱም “ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!” ሲል ቆየና፣ ጆጉን በፎጣ ጠቅልላ ልትወጣ ስትል፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ቀስ” አላት።

መንገድ ላይ ወንድሟ ጋ ደወለች። “ሥራህን ትተህ አባባ ቤት ና። ዛሬ ነው የምታፍረው!”

አባቷ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሟ እያለከለከ ሲደርስ ጥፍሬ ፎጣውን ፈታችው። “አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ” አለችና ጆጉን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ጣታቸውን ወፏ ላይ አሳረፈችላቸው።

ሽማግሌው ወደ ጆጉ አጎነበሱ። ጣታቸው በክንፉ ሄደ፣ በአንገቱ ወጣ፣ በጀርባው ወረደ። “ሦስተኛው መዘውር ነው፣ ቀጭኑ” አሉ በሹክሹክታ። ጥፍሬ ወንድሟን አየችው፤ ወንድሟ ጣታቸውን በዓይኑ እየተከተለ ነው። ደስታው ሰማይ አስነካት። ጣታቸው ጭራው ላይ ደረሰና ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

“ይሄ የኔ አይደለም” አሉ።

ጥፍሬ ጣታቸውን ወደ ጆጉ ቂጥ ሳበች። “አባባ፣ ማኅተሙን አይቻለሁ እኮ!”

“የኔ አይደለም አልኩሽ። እኔ ረጅም ጭራ ላይ ስደርስ እፈራለሁ፤ እጄን አነሳና እንደገና እጀምራለሁ፣ መጋጠሚያው ይታወቃል። ይሄ አንዴም ሳይነሳ ነው የዞረው። ይሄ የእናትሽ ነው።”

እናታቸው ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስለ ወፍ አንድ ቀን አውርታ አታውቅም።

“እማዬ እኮ ብርጭቆ አጣቢ ነበረች” አለ ወንድሟ።

“ወረቀቷ ላይ!” አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ድንገት የጎልማሳ ሆኖ። “ሴት መዘውር አትነካም ይባል ነበር። በምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ የኔ ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። አለቃው ‘እጅህ በጣም ተሻሻለ’ ይለኛል፣ እኔ ምላሴን ነክሼ ዝም! ብናገር ያባርሯታል። ጡረታ ከወጣንም በኋላ ‘ተወው፣ ሙያ በልብ ነው’ አለችኝ። እንዳልናገር አስማለችኝ። የሷን ከኔ እየቀላቀልኩ ሳወራ ሳወራ፣ የቱ የኔ እንደሆነ ጠፋኝ።”

“ታዲያ ጽጌረዳውን ማን ለጠፈባት?” አለች ጥፍሬ።

“እኔ ነኛ። እሷ ሥዕሉን ውሃ ውስጥ እየነከረች ታቀብለኛለች፣ እኔ እለጥፋለሁ። የሷ ወፍ ተራ ሲደርስ ሥዕሉን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቀና ብዬ አየኋት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‘አታጣመው፣ ቀጥ አድርገህ ለጥፍ።’”

ጥፍሬን ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት። ቀጥ ብሎ ነበር የተለጠፈው፤ ያነሳችው እሷ ናት፣ ታውቃለች። ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አፍንጫውን ይጠርጋል።

“ስንት ቀረ?” አሉ ሽማግሌው።

“አሥራ አንድ፣ አባባ።”

“ከነጽጌረዳቸው?”

“ከነጽጌረዳቸው።”

“ታዲያ ምን ቁጭ አድርጎሻል? ተነሱ! የቱ የኔ፣ የቱ የሷ እንደሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ እየዳሰስኩ እነግራችኋለሁ።” ግድግዳውን ተደግፈው ብድግ አሉ፣ ጆጉን በአንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው። ወንድሟ ጆጉ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ብሎ ሊቀበላቸው እጁን ቢዘረጋ፣ እጁን በጥፊ መቱት።