ገጀራን ያስነሳችው እህቴ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ ገጀራ ይለዋል። ሥጋ ቆራጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እጁ ከአፉ ስለሚቀድም ነው። አንዴ ደንበኛው «አጥንት አበዛህብኝ» ቢለው በዚያው አጥንት ግንባሩን ፈንክቶታል። እህቴንማ ስንት ጊዜ እንደመታት እሷም አታውቀውም። ግራ ጆሮዋ አይሰማም፣ የፊት ጥርሷ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሲጠይቃት «በር መታኝ» ትላለች። በሩ ሥጋ ቤት ነው ወይ የሚሠራው እላለሁ እኔ።

ስትሮክ የጣለው የሱቁን ሠራተኛ አንቆ ግድግዳ ላይ እንዳጣበቀው ነው። ቀኝ እጁ ድንገት ለቀቀ፣ አፉ ተጣመመ፣ ከነቁመቱ ተዘረረ። አምቡላንስ የጠራለት ያው የታነቀው ሰው ነው፤ እያሳለ። እኔ ስሰማ የእጁን አገኘ አልኩ፤ አሁንም እላለሁ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ በድን ነበር። ግራው ግን ይሠራል፤ እህቴ ልታገላብጠው ጎንበስ ስትል በዚያው በግራው በቡጢ ይላታል። ወንድሞቹ «ይሄ ሁሉ የውፍረት ጣጣ ነው» ብለው ከቀጭን ሾርባ በቀር ምንም እንዳትሰጠው አዘዟት። በየሳምንቱ እየመጡ ከነወንበሩ ተሸክመው ሱቅ ይወስዱትና የታረደ በሬ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ያወጡታል። ኪሎው በቀነሰ ቁጥር ጭብጨባ ነው፤ ሊድን ነው ማለት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጮማና ቀይ ሲለዩ የኖሩ ሰዎች የገዛ ወንድማቸው ከየትኛው እየጎደለ እንደሆነ ዞር ብለው አላዩም።

ያየችው ሰውነቱን እንድታሠራው ከሆስፒታሉ የተላከችው ፊዚዮቴራፒስት ናት። ቤት መጥታ ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ጭኑን ጨበጠች፣ ሆዱን ቆንጠጥ አደረገች። ገጀራ በተጣመመ አፉ ሰደባት፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

«ኪሎው አያታልላችሁ» አለችን። «ስቡ እንዳለ ነው፤ ያለቀው ጡንቻው ነው። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ካልተመገበ ደግሞ ይብሳል፤ ደህናው ጎኑ እንኳ እየከሳ ነው። ሰውን የሚያቆመው ጡንቻ ነው። እንቁላል፣ ምስር፣ ስብ የሌለው ሥጋ ይብላ፤ በየቀኑም እያነሳችሁ አቁሙት። በሾርባ ከቀጠለ ከዚህ አልጋ አይነሳም።»

«እጁስ?» አለች እህቴ።

«ቃል ልገባልዎ አልችልም። ግን ዕድል አለው።»

ሴትዮዋ እንደወጣች እህቴን ወጥ ቤት ይዣት ገባሁ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው እሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ እኔ ግን መልሱ አልጠፋኝም።

«እትዬ፣ ሾርባውን ቀጥዪ። ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ ማንም አይጠይቅሽም።»

«ተኝቶ እያለ ጥዬው መሄድ አልችልም» አለችኝ። «ሽንት ቤት መሄድ የማይችል ሰው ትቼ የትም ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም። ሲቆም ግን ጥዬው እሄዳለሁ። እሱ ካልተነሳ እኔም ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«ቆሞ ከገደለሽስ?»

«መጀመሪያ ይቁማ።»

ከዚያ በኋላ ያ ቤት የጦር ሜዳ ሆነ። የመጀመሪያውን እንቁላል ፊቷ ላይ ተፋው፤ ጠረገችና ሌላ ላጠችለት። እኔ ብሆን በድስቱ ነበር የምለው። ወገቡን በቀበቶ አስራ ስታነሳው ትከሻዋን ነከሳት፤ ጥርሱ እንደተተከለ አቆመችው። ታላቅ ወንድሙ ለሚዛኑ ሊወስደው መጥቶ መወፈሩን ሲያይ «ልታፈነጂው ነው?» ብሎ ከበሩ ጋር አላተማት። ተነስታ በሩን ዘጋችበት። እኔ በየቀኑ እየመጣሁ ጉልበቱን በጉልበቴ ደግፌ እይዛለሁ፤ እሱም በየቀኑ ይረግጠኛል። ርግጫው እየበረታ ሲመጣ እህቴ ደስ ይላታል። እኔን ግን ደሜን ያፈላው ነበር።

እግሩ ቀደመ። በዱላ፣ ቀጥሎ ግድግዳ እየያዘ፣ በመጨረሻ ባዶ እጁን ሽንት ቤት ደርሶ ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ ማንኪያ እንኳ ስታስይዘው ይጥላል። እህቴ «እጁ ሳይነሳ ብሄድ ማን ያጎርሰዋል?» እያለች ቆየች። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ።

አንድ ጠዋት እንቁላሉ ቀዘቀዘ ብሎ ተቆጣ። «ላሙቅልህ» ብላ ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ከወንበሩ ብድግ ብሎ በጥፊ አላጋት። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደቀች፣ ከንፈሯ ተተረተረ፣ ደሙ ሳህኑ ላይ ተንጠባጠበ። እኔ ድስቱን አንስቼ ልፈነክተው ስል በእጇ ከለከለችኝ። ቀና ብላ አየችው።

«በየትኛው እጅህ ነው የመታኸኝ?»

ገጀራ እጁን አየ። አገላበጠው፣ ጨበጠው፣ ዘረጋው። ቀኙ ነበር። ፊቱ በራ፤ እያነሳ እያወረደው መሳቅ ጀመረ።

«ድነሃል» አለችው። ደሟን በእጅጌዋ ጠረገችና ወጣች። ሻንጣዋን ላምጣላት ብዬ ወደ ጓዳ ዞርኩ፤ እሷ ግን አልጠበቀችኝም። እሱ ገና እጁን እያየ ይስቅ ነበር።