ለአባቴ ዜግነት የተላኩት ሽማግሌዎች

ልጅ እያለሁ፣ አምስተኛ ክፍል ስማር፣ ጎጃም፣ ይጁቤ ከተማ ውስጥ እንደኔ የፈነደቀ ልጅ አልነበረም። አባቴ ኢትዮጵያዊ ሊሆን ነበራ! አባቴ ዴንግ ከደቡብ ሱዳን መጥቶ፣ የወፍጮ መካኒክ ሆኖ እናቴን ያገባ፣ ናፍጣና ዱቄት የሚሸት ሰው ነው። ዜግነት አመልክቶ ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ተጠራ። እንቢ ከተባለ ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ስላለቀ ወደ አገሩ መመለሱ ነው። እናቴ እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች።

ጎረቤቶቻችን ይህን ሲሰሙ፣ “ብቻውን ይሂድ? ወገን የለውም እንዴ?” ብለው፣ ልክ ሚስት እንደሚጠየቅለት ጎረምሳ፣ ሦስት ሽማግሌ መረጡለት። አባቴ “አባቶቼ፣ ቢሮ እኮ ነው” ቢላቸው፣ ዋናው ሽማግሌ መሪጌታ ፈንታ “ዝም በል! ሙሽራ አፍ የለውም” አሉት። እኔም አልቅሼ ተከተልኩ። ዓባይ በረሃን ስንወርድ ሙቀቱ፣ የጆሮዬ መደፈን፣ የሽማግሌዎቹ ቀልድ! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

አዲስ አበባ ደርሰን ቢሮው ውስጥ ስንገባ አንዲት ወጣት ሠራተኛ “ተቀመጡ” አለችን። ማን ይቀመጣል! አባቴ ብቻ ተቀመጠ፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች ዘንጋቸውን ተክለው ቆሙ።

“የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ልጄ” አሉ መሪጌታ። “ይኼን ልጃችንን ልጃችሁ አድርጉልን።”

“አባቶች፣ የሚወስነው እኮ ኮሚቴ ነው።”

“ጥሪልና! እስኪመጣ እንቆማለን።”

አባቴ በላብ ተጠምቆ ከወንበሩ ተነሣ። “እኔስ እነሱ ቆመው እንዴት ልቀመጥ፣ እቴ?” አለ፣ በዚያ በጎጃም ቅላጼው። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። “ቋንቋውንስ ችለዋል” ብላ ቅጹ ላይ ጻፈችና እሷም ብድግ አለች። “በሉ፣ ያየሁትን ሁሉ ለኮሚቴው እጽፋለሁ። እባካችሁ ተቀመጡልኝ።”

መሪጌታ ዞር ብለው “ግማሽ እሺታ ነው” አሉና ሦስቱም በየወንበራቸው ጫፍ ላይ ብቻ ተቀመጡ። ከወራት በኋላ አባቴ ለቃለ መሐላ ሲጠራ፣ በእልልታው የወፍጮው ድምፅ እንኳ አልሰማ አለ።

ዛሬ ማመልከቻ በስልክ ይሞላል አሉ፤ ሰው አይንገላታም፣ እሰየው ነው። ግን ያኔ እንዴት ያለ ሰው ነበረን! መሪጌታ አምና ዐረፉ። አባቴ ከልጆቻቸው ተርታ ተቀምጦ ሦስት ቀን ለቀስተኛ ተቀበለ። ከሩቅ የመጣው ሁሉ “እግዜር ያጥናችሁ” እያለ እሱንም አጽናናው። “ይኼ ደግሞ ምናቸው ነው?” ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።