ስምንት ድንች

ልጅ ሳለሁ፣ ሱሉልታ ላይ ውርጭ ገብሱን ባቃጠለበት ዓመት፣ የማታ ራታችን ቅቅል ድንች ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤት ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ትንሹ ወንድሜ፣ እኔና የእናቴ አባት ነን፤ አያታችንን አካኮ እንላቸው ነበር። ጋዙ እንዳያልቅ ኩራዙን ሳናበራ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ በፍሙ ብርሃን ሌማቱን ከብበን እየበላን አካኮ ተረት ያወሩልን ነበር።

ያን ዓመት ደጋግመው ያወሩልን የአንዲት ባልቴት ተረት ነው። ሴትዮዋን የዱቄት እንስራዋ ጠዋት ጠዋት በራሱ ሞልቶ ይጠብቃታል፤ አንድ ቀን ስንት ቁና እንደሚሆን ልወቅ ብላ ብትሰፍረው፣ በማግስቱ እንስራው ውስጥ ትቢያ ብቻ አገኘች። ከዚያ አካኮ ጣታቸውን ወደኔ ይቀስራሉ። «ሂን ለካኢን! አትቁጠሪ! እህል አይቆጠርም፣ በረከቱ ይሸሻል።»

እኔን ነጥለው የሚያስጠነቅቁኝ በምክንያት ነበር። ያኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የምግብ ስሞችን የሚቆጠርና የማይቆጠር ብሎ ያስለየን ነበር። ዱቄትና ዳቦ አይቆጠሩም፣ እንቁላልና ድንች ይቆጠራሉ። በዱቄቱ ፈረንጅና አካኮ ተስማምተዋል፤ በድንቹ ግን አልተስማሙም።

በሰኔ መግቢያ አስተማሪው ቤታችን ያለውን ምግብ ቆጥረን እንድንጽፍ አዘዘን። በረከት እንግሊዝኛ አይሰማም ብዬ፣ ማታ ሌማቱ ሲቀርብ በሆዴ «ዋን ፖቴቶ፣ ቱ ፖቴቶስ» እያልኩ ቆጠርኩ። ስምንት ነበሩ። እኔ ሦስት በላሁ፣ ወንድሜ ሦስት፣ እናቴ ሁለት።

አካኮ ግን ባዶ አፋቸውን እያላመጡ ነበር። የኛን ልጣጭ አንድ በአንድ እየለቀሙ ፊታቸው ይከምራሉ።

«አባባ፣ ይብሉ እንጂ» አለቻቸው እናቴ።

«ጠግቤያለሁ ልጄ፣ ተመስገን» አሏት፤ ተረታቸውንም ቀጠሉ።

በማግስቱም ቆጠርኩ፣ በሦስተኛውም ቀን። ያው ነበር። ለእናቴ ልነግራት አፌን ስከፍት ፍርሃት ያዘኝ፤ መቁጠሬን ሳልናገር እንዴት ልናገር? በዚያ ክፉ ዓመት ከቤታችን በረከት ያባረረችው እኔ ልሆን ነው። እውነቱን ካወራሁ አይቀር፣ ሦስተኛውን ድንቼን እንዳልነጠቅም ፈርቻለሁ። ድንቼን መላጥ ቀጠልኩ።

ክረምቱ ሳይጋመስ አካኮ ሞቱ። ጎረቤቱ ብርድ ነው የመታቸው አለ። ለለቅሶው በየቤቱ የተቀቀለ ንፍሮ መጣ፤ ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ።

የባልቴቷን ተረት ከዚያ ወዲህ ከሌላ ሰው አልሰማሁትም። እኔ እንዳልቆጥር ብለው ራሳቸው የፈጠሩት ይመስለኛል። እናቴ እስክትሞት ድረስ «አባቴን ብርድ ነው የገደለብኝ» ትል ነበር። ባለች ቁጥር እኔም «አዎ እማዬ፣ ብርድ ነው» እላት ነበር።