የኢሊማው ጉንጉን ቋጠሮ

ካፑዋን የናናኩሊ መንደር ሰው ሁሉ ያውቃታል። ዕድሜዋን የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ኖራ፣ ጡረታ በወጣች ማግስት ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ኢሊማ መትከል ጀመረች። ኢሊማ ደግሞ ምን ዓይነት ጉደኛ አበባ መሰላችሁ! የባሕሩ ጨውና ነፋስ እየገረፈው፣ አሸዋው ላይ በደረቱ እየተሳበ፣ ቢጫ ሆኖ ይስቃል! ዕድሜው ግን አንዲት ቀን ናት፤ ገላውም ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ለአንድ የአንገት ጉንጉን ሺህ ያህሉ ቢለቀም ነው።

የዚያን ቅዳሜ ማለዳ እምቡጥ ስትለቅም የሟች ባሏ ወንድም ኪሞ መረቡን ተሸክሞ መጣ።

«እትዬ፣ አሸዋውንም ልትለቅሚው ነው እንዴ?»

«አንተ ዓሣህን ልቀም! ኖሄያ ዛሬ ትጨፍራለች።»

ኖሄያ አንድ ልጇ ናት። ሁለት ጊዜ ፅንስ ከጨነገፈባት ወዲህ ከመንደሩ የባህል ጭፈራ ርቃ፣ ገና ዛሬ መመለሷ ነው።

«ታዲያ ጉንጉኑን ትቋጥሪዋለሽ ወይስ ክፍት ትተይዋለሽ?» አለ ኪሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ካፑዋን ሰሞኑን ያብሰለሰላት ይኸው ነበር። ያረገዘች ሴት የተቋጠረ ጉንጉን አታጠልቅም፤ እትብቱ ፅንሱን ያንቀዋል ይባላል። ክፍት አድርጋ ብትሰጣት «አረገዝሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያንን ደግሞ ዳግመኛ ላትጠይቅ ምላለች፤ ልጅቷ ብዙ አልቅሳበታለች። ብትቋጥረውስ? ተስፋ ቆርጫለሁ ማለት እንዳይሆን!

«እቋጥረዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አፌንም አብሬ።»

«ያንቺ አፍ ተቋጥሮ ከዋለማ ዛሬ በመረቤ ዓሣ ነባሪ ይገባል!»

ከሰዓት በኋላ ኖሄያ የጭፈራ ልብሷን ለብሳ መጣች። ካፑዋ ጉንጉኑን ልታጠልቅላት ብድግ ስትል ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

«አልወደድሽውም?»

«ኧረ እማ! እንዴት ያምራል!» ኖሄያ ጉንጉኑን ተቀበለችና ቋጠሮውን በጥርሷ ትታገለው ጀመር። «ልነግርሽ ፈርቼ ነው እንጂ... አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሐኪሙም ‹ጨፍሪ፣ ቁጭ ብድጉን ብቻ ተይው› ብሎኛል።»

ካፑዋ እንባዋ ግንፍል አለ።

«ቆይ፣ በጥርስሽ አይሆንም! አበባውን ታረግፊዋለሽ! ኪሞ! መቀስ!»

«ምን ተፈጠረ?» አለ ኪሞ ከደጅ።

«መቀስ አምጣ አልኩህ እንጂ ወሬ ጠይቅ መች አልኩ!»

ክሩ ተቆረጠ፤ ሁለቱ ቢጫ ጫፎች በኖሄያ ደረት ላይ ተለያይተው ወረዱ። ጭፈራው የዚያን ቀን ዘግይቶ ነው የተጀመረው። ጥፋቱ የካፑዋ ነው፤ ልጇን አቅፋ አለቅም አለቻ!