ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ተቀምጬ የተጠበሰ ዓሣ እየበላሁ ሳለ አንዲት ወጣት መጥታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ትዕግሥት እባላለሁ አለች፤ እዚሁ ሐዋሳ ሥነ ልቦና ታስተምራለች። ጋዜጣ ላይ የምጽፈውን ልታደንቅልኝ ነው ብዬ የትሕትና ፊቴን አዘጋጀሁ። እሷ ግን ሌላ ነገር አነሳች።

«ጋሼ፣ ድሮ ስለ ጫትና ስለ ማስታወስ የሠሩትን ጥናት እኮ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። አገራችን ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ልጆቹ በጣም ይኮሩበታል።»

ዓሣውን ገፋ አድርጌ ወንበር ሳብኩላት።

በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ እያለሁ እዚሁ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ነበርኩ። ስሙ ይቅር፤ ግድግዳው ያጠፋው ነገር የለም። ሙያዬ አንጎል ጠባይን እንዴት እንደሚመራ ማጥናት ነው ይባል ነበር። በተግባር ግን አይጥ አስዋኝ ነበር። ግማሹ ተቆርጦ የተጣለ የፕላስቲክ ውሃ ታንከር ነበረን። ውሃ እንሞላውና አይጥ የምትቆምበት ትንሽ መቆሚያ ከውሃው ሥር እናስቀምጣለን። መቆሚያው እንዳይታይ ውሃውን በዱቄት ወተት እናነጣዋለን። አይጧ መቆሚያውን ቶሎ ካገኘች የትናንቱን አስታውሳለች፣ ከዘገየች ደግሞ ረስታለች ማለት ነው።

ያ ላቦራቶሪ መስኮቱ የማይከፈት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ዝናቡ ሳይገባ በፊት ባሉት ወራት የሐዋሳን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ወተቱ እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚመስል ይገባዋል። ይኮመጥጥና ከአይጥ ሽንት ጋር ተዋሕዶ ሸሚዜ ላይ ይቀመጣል። ማታ ልብሴን ባወልቅም ሽታው አብሮኝ ይተኛል። እስከ ዛሬ አይብ የቀረበበት ገበታ ላይ አልቀመጥም።

ኃላፊዬ ማዕረጉ ካልተጠራ ዞሮ የማያይ ዶክተር ነበር። ጫት ማስታወስን እንደሚያበላሽ ማሳየት ፈልጓል። ውጤቱን ከሙከራው በፊት ያውቀው ነበር፤ እኔም ያኔ ይህን የእውቀቱ ጥልቀት ነው ብዬ አደንቅ ነበር።

ጫቱን በየጠዋቱ መናኸሪያ ሄጄ የምገዛው እኔ ነኝ። ሻጯ ከሩቅ ስታየኝ ትስቃለች።

«መምህር፣ ዛሬም ሁለት እስር?»

«ለአይጥ ነው እኮ የምገዛው።»

«አውቃለሁ፤ ለራሱ የሚገዛ ደንበኛ ኖሮኝ አያውቅም።»

ጫቱን ጨምቆ በቀጭን ቱቦ አይጦቹ ጉሮሮ ውስጥ የማንቆርቆሩ ሥራ የእንስሳት ጠባቂያችን የጋሽ ሳሙኤል ነበር። ከከተማው ዳር፣ ከቡሹሎ በብስክሌት የሚመጡ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ቱቦው ሲገባ የአይጦቹን ፊት ማየት ስለማልወድ በዚያ ሰዓት ከክፍሉ እወጣ ነበር።

ጫት የሚጠጡት አይጦች ጅራታቸው ላይ አረንጓዴ ቀለም ይቀባል። ውሃ ብቻ የሚጠጡት አይቀቡም። ሰዓት የሚይዘው ሰው የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ የለበትም፤ ዶክተሩ ራሱ ክፍል ውስጥ ያስተማረን ነው። ነገር ግን ሰው አልነበረንም። ቀለሙን የቀባሁትም ሰዓቱን የያዝኩትም እኔ ነበርኩ።

ውጤቱ አማረ። ባለ አረንጓዴ ጅራቶቹ በግልጽ ዘገዩ። ዶክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ስምህ ከስሜ ቀጥሎ ይገባል» አለኝ። ውጭ አገር ለመማር የሚያስፈልገኝን የድጋፍ ደብዳቤም የሚጽፍልኝ እሱ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሳሙኤል ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ እነዚያ አይጦች እውነት ረሱ?»

«በደንብ ነዋ! ዶክተር በደስታ ሊያብዱ ነው።»

«ጎመን ያስረሳል እንዴ?» አሉኝ።

«የምን ጎመን?»

«እኔ በእጄ ለፍጥረት ጫት አላጠጣም። እግዚአብሔር ያያል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጓሮዬ ጎመን እየጨመቅኩ ነው የሰጠኋቸው። ልጆቼን ያሳደግኩት በጎመን ነው፤ ጉዳት ካለው ንገረኝ።»

«ጫቱስ?»

«ሽንት ቤት።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ። ጎመን ካላስረሳ እነዚያ አይጦች ለምን ዘገዩ? መልሱን ለማግኘት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ጅራቷ ያልተቀባ አይጥ አፍንጫዋ መቆሚያውን ሲነካ ሰዓቱን አቆም ነበር። ባለ አረንጓዴዋን ግን አራት እግሯ እስኪወጣ እጠብቃት ነበር። እንዲህ አድርግ ያለኝ የለም። ጌታውን ለማስደሰት የሚቸኩል ሰው ትእዛዝ አያስፈልገውም፤ አውራ ጣቱ ትበቃዋለች።

«ጎመን ምንም አያደርግም፣ ጋሽ ሳሙኤል።»

«ተመስገን» አሉ። «ለዶክተር ግን አትንገርብኝ። ጡረታዬ ቀርቧል።»

አልነግርም አልኩ። ወዲያው ሄጄ ነገርኩት። ሥራው እንደገና ይጀመራል ብዬ አምኜ ነበር፤ የራሴን ጣት ጉዳይ ግን አላነሳሁም። የሽማግሌውን ጎመን ብቻ ይዤ ገባሁ።

ዶክተሩ በሩን ዘጋ። «ስማ ብሩክ፣ ጫት ማስታወስን እንደሚጎዳ ማን የማያውቅ አለ? ያገኘነው እውነት ነው፤ መንገዱ ትንሽ ጠመመ እንጂ። ሰኞ የአይጦቹን አንጎል ለምርመራ አውጣ።»

«ግን ዶክተር፣ ጫት እኮ አልቀመሱም።»

«ደብዳቤህ ደግሞ እዚህ አለ» አለና መሳቢያውን በጣቱ መታ።

ሰኞ ጠዋት አንድ በአንድ አረድኳቸው። እጄ ላይ ይሞቁ ነበር። የአይጥ አንጎል ከተላጠ ባቄላ ጥቂት ይበልጣል። የባለ አረንጓዴ ጅራቶቹን ብልቃጥ ውስጥ እየከተትኩ በገዛ እጄ ጽሕፈት «ጫት» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ታጥቤ ምሳ በላሁ። ምሳው ጣፈጠኝ፤ ከሁሉም ይልቅ ዛሬ ድረስ የሚያቅለሸልሸኝ ይህ ነው።

ጋሽ ሳሙኤል በሳምንቱ «በሥራ ቸልተኝነት» ተባረሩ። በሩ ላይ ብስክሌታቸውን ይዘው ጠበቁኝ።

«ነገርከው?»

ብስክሌታቸውን ልይዝላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«እሺ። ልጅ ነህ» ብለው ሄዱ። ቢረግሙኝ ይሻል ነበር።

ጥናቱ በሁለታችን ስም ታተመ። እኔ ውጭ አገር ሄድኩ፣ ተማርኩ፣ ተመልሼ አስተማርኩ። ለእያንዳንዱ የማዕረግ ዕድገት ባቀረብኩት ማመልከቻ ላይ የመጀመሪያው መስመር ያ ጥናት ነበር። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲውን ለቅቄ ወጣሁ። ሰው ለነፃነቴ ስል የተውኩት ይመስለዋል፤ እኔም አላረምኩትም። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ላይ ሌቦችን እየገሠጽኩ እኖራለሁ፤ ዘርፉን ከውስጥ ስለማውቀው ይዋጣልኛል።

ለትዕግሥት ይህን ሁሉ፣ የጣቴን ጉዳይ ጭምር፣ እዚያው አሞራ ገደል ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀልደኛ ጸሐፊ ነው የሚል ስም አለኝና። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ።

«ይቀልዳሉ?»

«አልቀልድም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

«መጀመሪያ ለደመወዙ፣ ቀጥሎ ለማዕረጉ። ከዚያ በኋላ እፍረት ነው።»

ተነሳች። «ሐሙስ ጠዋት ክፍል አለኝ። መጥተው ራስዎ ይንገሯቸው» አለች። እባክዎን አላለችም፤ እጄንም አልጨበጠችም።

ጫት አይጎዳም እያልኩ አይደለም። ይጉዳ አይጉዳ እኔ አላውቅም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ማንም ሰው አያውቅም። የማውቀው ወጣቶች የሚኮሩበት ነገር ውስጥ የእኔ ጣት እንዳለች ነው።

ሐሙስ እሄዳለሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሰምቶኝ ሲያበቃ ተጸይፎኝ ቢወጣ አልቀየመውም፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ያልገባኝ ትምህርት ለእሱ ገብቶታል ማለት ነው።