የሺሐረግ የጻፈችው ማለዳ

ገላን ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቿ የየሺሐረግን በር አያንኳኩም። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ስሟን ይጠራሉ። ምክንያቱን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። እኔ የማውቀው አቃቂ በሰቃ አንድ ግቢ ውስጥ ስላደግን ነው።

ያኔ እሷ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የቀረውን ጥጥ እንኳ ሳታራግፍ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ የፍቅር ታሪክ ትጽፍልናለች። የሀብታም ልጅ የሹፌራቸውን ልጅ ትወዳለች። ሲጠላሉ የኖሩ ጎረቤታሞችን ዝናብ አንድ ታዛ ሥር ያስጠልላቸዋል። መጨረሻው ሁልጊዜ ሠርግ ነው። እኛ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ደብተሩ እስኪበጣጠስ እንቀባበለዋለን።

"ኧረ የሺዬ፣ አንዷ እንኳ ቆማ ትቅር! ሁሉም አግብተው አለቁ እኮ!" ትላታለች የግቢያችን ልጅ ሩት።

"እሺ፣ ቆማ የምትቀረዋን ሩት እላታለሁ።"

የሩት ወንድም ወንድዬ ዘምቶ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ቢያልፍም ደብዳቤ አልመጣም። አንድ ቀን ሩት፣ "አሁን ደግሞ ወታደር ጻፊልን፤ የሚመለስ" አለቻት።

የሺሐረግ ጻፈች። ወታደሩን ፀሐዩ አለችው። ግን እንደ ወንድዬ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ሲስቅም አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ወንድዬ ሲመለስ ወደ ቤተሰቧ ሽማግሌ ሊልክ፣ እስከዚያ ግን ለማንም ላይናገሩ ሁለቱ ተስማምተው እንደነበር እኛ አናውቅም።

የታሪኩ መጨረሻ ለእሑድ ተቀጥሮ ሳለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የእድራችን ዳኛ አቶ አምባው ቦኖ ውሃው ጋ አገኟት።

"የሺሐረግ፣ እንደ ልጄ ነሽና አደራ። ወንድዬ አልፏል። ሰኞ ማለዳ ልናረዳ ነው። ሩት ካንቺ ቤት አትጠፋም፤ እስከዚያ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ጠብቂልን፤ ፊትሽም እንዳይነግርብን።"

"እሺ፣ ጋሼ" አለች። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሯ ላይ ሲፈስ ቧንቧውን አልዘጋችም።

መርዶ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ እንጂ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። መጨረሻውን ብታስቀር ሩት ትጠረጥራለች፤ ብትቀይረውም ትጠረጥራለች። ስለዚህ የተጠበቀውን ጻፈች፦ ወፍ ሲንጫጫ ወታደሩ የእናቱን በር ሦስቴ አንኳኳ።

ሩት እሑድ ማታ ለእናቷ ለእትዬ ፈለቀች ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

"ማለዳ ነው የሚመጣው በይኛ?" አሉ እትዬ ፈለቀች። ተነሥተው የወንድዬን አልጋ አዲስ አንሶላ አለበሱት።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ግቢያችን ነጠላና ጋቢ በለበሰ ሰው ሞላ። አቶ አምባው አንኳኩ።

"መጣሁ! መጣሁ፣ ወንድዬ! መጣሁ ልጄ!"

በሩ ተከፈተ። እትዬ ፈለቀች ከአቶ አምባው ትከሻ በላይ እያዩ፣ በሰው መሃል ይፈልጉት ጀመር። ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሁሉ በእጃቸው ገለል እያደረጉ እስከ ግቢው በር ሄዱ።

በሠልስቱ የሺሐረግ ድንኳኑ ጥግ ከጎረቤት ጋር ተቀምጣለች። እንባ አልወጣትም። "ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ናት!" ሲሏት ሰምቻለሁ። ሩት መጥታ ፊቷ ቆመች።

"ያን ስትጽፊ ታውቂ ነበር?"

"ቅዳሜ ነግረውኛል።"

በጥፊ የምትላት መስሎን ነበር። ሩት ግን አጎንብሳ ፊቷን አየቻት። የፀሐዩን ጠባሳ፣ ሳቁን እያሰበች ይሆን፣ አላውቅም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ታዲያ አንቺን ማን አረዳሽ?" አለቻት።

የሺሐረግን ክንድ ይዛ አስነሣቻትና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከሐዘንተኞቹ መሃል፣ ከእትዬ ፈለቀች አጠገብ አስቀመጠቻት።